ሪጎሬ የማያዩት ሰው

ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ኳስ ሜዳ ዳር የማይጠፉ አንድ ሰው አሉ። ከተፈናቃዮች መጠለያ በእግራቸው ነው የሚመጡት። ለብርዱ የደረቡት የእርዳታ ካፖርት እጅጌው አጥሯቸዋል። ከሥሩ የነተበ ቢጫ ማሊያ አለ፤ ወለጋ የቀረው የቀበሌያቸው ቡድን ማሊያ ነው። ስለዚያ ቡድን ካነሱባቸው አያባሩም። ኳሱ ቡና ተክል ውስጥ ሲገባ ዳኛውም ተመልካቹም አብሮ ይፈልግ እንደነበር፣ ሁለት ወንድማማቾች የአንድ ታኬታ ግራና ቀኙን ተካፍለው ይጫወቱ እንደነበር ያወራሉ።

ታዲያ ዳኛው ሪጎሬ የሰጠ እንደሆነ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። ባለፈው ቅዳሜም ዞሩ፤ ኳሱ ተመቶ ጩኸቱ ካለፈ በኋላም አጥሩን እያዩ ቆሙ።

«አባባ፣ ለምንድን ነው የማያዩት?» አልኳቸው።

«እኔ ካየሁ ይገባብናላ! እዚያ እያለን በረኛችን ራሱ ‹ኧረ ይዙሩልኝ!› ብሎ ይጮህብኝ ነበር። ስዞርለት ያድናል።»

ካፖርታቸውን ጎተት አድርገው ማሊያውን ሸፈኑት።

«አገሩን ጥለን ስንወጣ የቡድኑ ልጆች ከኋላ ነበሩ። ተኩሱን ስሰማ፣ እንደለመድኩት፣ ወደ ኋላ አላየሁም» አሉ። «ግን አንዳቸውም አልመጡም፣ ልጄ።»