ለአባባ ትንፋሽ የከፈትኩት በርሜል

ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሀርጌሳ «31 ሜይ» በሚባለው ሰፈር ስንኖር፣ ተረት የሚነግረኝ የእናቴ አባት ነበር። አባባ ድሬዳዋ ሳይንስ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለነበር ተረቶቹ ውስጥ ጅብና ቀበሮ አልነበሩም። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ እናቴ እራት ያበሰለችበት የከሰል ፍም ደብዘዝ ማለት ሲጀምር፣ ቀስ ባለ አማርኛ ውሃ ውስጥ ስለሚበቅለው አልጌ ያወራኝ ነበር።

«ሥር የላቸውም፤ ግንድም ቅጠልም የላቸውም» ይለኛል። «ግን እንደ ቅጠል ምግባቸውን በፀሐይ ያበስላሉ።» አንዳንዶቹ ባለ አንድ ሕዋስ ናቸው፣ በዓይን አይታዩም፤ አንዳንዶቹ ባሕር ውስጥ ከዛፍ ይረዝማሉ። አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ቀይ እያለ በየወገናቸው ሲለያቸው፣ እኔ ያኔ በፋኖሱ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲዋኙ አያቸው ነበር። ሰማያዊ አረንጓዴዎቹን ግን «እነዚህ መልካቸው ነው አልጌ የሚመስለው እንጂ ዘራቸው ከባክቴሪያ ነው» ብሎ ለብቻ ያስቀምጣቸዋል። ከሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው፣ ምግባቸውን ሲያበስሉ እኛ የምንተነፍሰውን አየር ይለቃሉ ያለኝ ነው።

አባባ አስም ነበረበት። የከሰሉ ጭስ ሲነካው ደረቱ ያፏጫል፣ ተረቱም መሃል ላይ ይቋረጣል። ያኔ እንዳይሞትብኝ በጣም እፈራ ነበር።

ስለዚህ በርሜል ከፈትኩ። በሰፈራችን ውሃ በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣው፤ ፀሐይ አይቶት አልጌ እንዳያበቅልም ሁልጊዜ ተከድኖ ይቀመጣል። እኔ ግን ጓሮ ያለውን፣ ለልብስ ማጠቢያ የተቀመጠውን በርሜል፣ ጠዋት በድብቅ እየከፈትኩ ሲመሽ እከድነው ጀመር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። እናቴ ስታየው የምትሆነውን አጣች።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ። ለአባባ አየር እንዲሠሩለት ብዬ ነው» አልኩና አለቀስኩ።

እናቴ የያዘችውን ባልዲ መሬት ላይ አስቀመጠች። አባባ በርጩማውን አምጥቶ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። ደረቱ እንደወትሮው ያፏጭ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ «ቀለል አለኝ።»

በማግሥቱ እናቴ የከሰል ምድጃዋን ከቤት አውጥታ ግቢው ጥግ ላይ አስቀመጠችው። አባባም ከዚያ ወዲህ ተረቱን የሚያወራኝ በርሜሉ ጎን ተቀምጦ ነበር።

ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። እኔም ዛሬ እዚሁ ሀርጌሳ ሳይንስ አስተምራለሁ። የአንድ በርሜል አልጌ ለአንድ ሰው ትንፋሽ እንደማይበቃ አሁን አውቃለሁ። አባባ ግን ያኔም ያውቅ ነበር።