የአባቴ ቀኝ መሪ

ወልዲያ ከምኖርበት ቤት አጠገብ አንድ ጋራዥ አለ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በበሩ ሳልፍ የስቱኮና የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ይመታውና፣ ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ጎትቶ ሰቆጣ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ይጥለኛል። ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያነሣ ስለ ቅቤና ስለ አደይ አበባ ያወራል፣ የእኔ ዕድል ስቱኮ ሆነ። የተበላ ቆርቆሮ የሚለሰንበት፣ እንደ ሊጥ የሚቦካ ነገር ነው፤ በቤታችን ደግሞ ከእናቴ ሊጥ ይልቅ የአባቴ ስቱኮ ይበዛ ነበር።

አባቴ ኪሮስ ይባላል። አንቱ የምለው በፊቱ ብቻ ነበር፣ በሆዴ ግን «ኪሮስ» ብዬ ነበር የምጠራው፣ ዛሬም አመሌ አልለቀቀኝም። ሙያው አናጢነት ነው፣ ያውም የሠራው በር ሃያ ክረምት የማይጣመምበት አናጢ፤ ነገር ግን ሰው በር ሊያሠራ ሲመጣ እሱ አንዲት አሮጌ መኪና ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር። መኪናዋን ያመጣት አያቴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ አስመራ፣ አንድ ጣሊያን ሜካኒክ ዘንድ ሲሠራ ኖሮ፣ ጣሊያኑ ሙሴ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ያችን የእሽቅድምድም መኪና ትቶለት፣ እሱም ከባድ መኪና ላይ አስጭኖ ሰቆጣ ይዟት ገባ። በር የላትም፣ ጣሪያ የላትም፣ ወንበሯ በአንድ ጎን ሆኖ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ነገር ነበረች። ሙሴውና ጓደኞቹ አፋር ወርደው፣ ሐይቅ ደርቆ በቀረው የጨው ሜዳ ላይ ማን ይቀድማል እያሉ ይጋልቧት ነበር አሉ። የእኛ አገር ሰው ጨውን የሚያውቀው በግመል ተጭኖ ገበያ ሲመጣለት ነው፤ ጨው ላይ ሊሮጥ የሚሄድ ፍጡር አለ ሲባል አማትቦ ያልፋል። ጨዉም ዕዳውን አልተወም፣ ሆዷን በልቶ ወንፊት አድርጓት ነበር።

አያቴ የሞተው እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። የግራ እጁን አመልካች ጣት የሞተር ቀበቶ ቆርጦበት ስለነበር ገበያ ሲወስደኝ በዚያ በጎደለው እጁ ይይዘኝ ነበር፣ እኔም ጣቱ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቴ እየነካካሁ እሄድ ነበር። እሱ መኪናዋን ረስቷት፣ ዶሮ ሲያድርባት ዝም ብሎ ኖረ። ልጁ ኪሮስ ግን አባቱን ከቀበረ በኋላ «የአባቴን ስም አስነሣለሁ» ብሎ ተነሣባት። ማስረጃው አንድ ፎቶ ነበር፤ አያቴ በነጩ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁን ኮፈኗ ላይ አሳርፎ፣ ጎኗ ላይ ስምንት ቁጥር ተጽፎባት። በመስታወት አሠርቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት፣ ቅዱስ ሥዕል የሚሳለም ይመስል ጠዋት ጠዋት ፊቱ ይቆም ነበር።

አንድ ክረምት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፣ መኪናዋን ዝናብ እንዳይመታት ብሎ የማድ ቤታችንን ቆርቆሮ ግማሹን ነቅሎ ለእሷ ዳስ ሠራላት። ጉድ እኮ ነው! መኪናዋ ደረቅ መሬት ላይ ተንደላቃ ስትከርም፣ እናቴ ታናሽ እህቴን አዝላ፣ ራሷ ላይ ጆንያ ጥላ፣ እሳቱ በጠብታ እየጠፋባት ወጥ ትሠራ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ «አያ ኪሮስ፣ እንዴት ነው ሥራው?» ይለዋል፣ እሱም ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የጨው ሜዳውን ራሱ የሮጠበት ይመስል ሲያወራ ይመሽ ነበር። እናቴ በአማርኛ ምንም አትለውም፤ የሚቆጠቁጣትን በአገሯ ቋንቋ በኽምጣንጋ ለምድጃው ነግራ ትጨርስ ነበር።

መስከረም ሲጠባ የእናቴ ነገር ይመጣል። የእናቴ እናት ቆላ፣ ዝቋላ ወረዳ ጽጽቃ ነበረች፣ «የጽጽቃዋ እማማ» እንላት ነበር። እናቴ ታናሽ እህቴን ለምለምን ስትወልድ ዳሌዋ ተጎድቶ እንደ ድሮው እዚያ ድረስ በእግሯ መውረድ አልቻለችም፣ እናቷን ካየች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በገበያ ቀን የሚወርድ አይሱዙ ነበረ፤ ሰው ከጆንያና ከፍየል ጋር ተጭኖ ይሄዳል፣ እሷም በደስታ ትሄድ ነበር። ኪሮስ ግን «የእኔ ሚስት ከፍየል ጋር ተጭና እናቷ ደጅ አትወርድም! መኪናዬ ስትነሣ መጀመሪያ የምትሄደው ጽጽቃ ነው፣ ማርያምን!» ብሎ ማለላት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! መኪናዋ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያላት ሲባል፣ ከጎኑ የሳሙና ሳጥን እንደሚቸነክርላት ተስማማ። እናቴ አመነችው። ለዚያ ሳጥን የበግ ፀጉር ሞልታ ትራስ ሰፋች፣ ዳር ዳሩንም በቀይ ክር ዘመዘመችው፤ እኔ ስትዘመዝም እያየሁ እንዴት ሰው እንዲህ ይሞኛል እያልኩ እናደድ ነበር።

ለክፋቱ ኅዳር ላይ ሞተሩ ተነሣ። ስሎ፣ ጭስ ተፍቶ፣ ድንገት ሲያጓራ የጎረቤት በሬ ገመዱን በጥሶ ሄደ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ኪሮስ አለቀሰ። ጉዞው ከሚካኤል ማግስት ሆነ፣ ለጽጽቃዋ እማማም በገበያተኛ ተላከባት፣ እናቴ ስንቅ አሰናዳች። በሚካኤል ዕለት አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ድግስ ተጠርቶ ቤታችን ገባ፣ ጠላውን ይዞ ፎቶው ፊት ቆመና፣ «አያ ኪሮስ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ እዚህ ላይ መሪው በቀኝ ነው፣ እርስዎ ዘንድ ያለው ደግሞ በግራ ነው» አለ።

ኪሮስ ፎቶውን አውርዶ ደጅ ወጣ፣ ፎቶውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ተመልሶ ፎቶውን አየ። ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት የሚሳለመውን ፎቶ! ሹፌሩ ደግሞ፣ አፉ አይረፍለት፣ «የድሮ እሽቅድምድም መኪና እኮ ቀኝ መሪ ነው፣ ሰምቻለሁ» ብሎ ጨመረበት። «ነካክተዋታል!» አለ ኪሮስ፣ «አንድ ቀጣፊ መሪዋን አዙሮባታል! አባቴ እንደያዛት ካልሆነች አልነዳትም!» እናቴ የጠላ መቅጃውን እንስራ እንደያዘች፣ «ኧረ አንተ ሰው፣ በግራም ቢሆን እኮ ታደርሰናለች፣ ስትመለስ ታዞራታለህ» አለችው። አልሰማትም። በማግስቱ፣ ጽጽቃ እንሄዳለን የተባለበት ቀን ጠዋት፣ መሪዋን ከነአንጀቷ አውጥቶ ሣር ላይ ዘረጋው። ስንቁን እኛ በላነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በጋ መቼም ከልቤ አይወጣልኝም። ፎቶው በቀን አሥር ጊዜ እየወረደ፣ ቅባት በነካው ጣቱ እየተነካ፣ መስታወቱ ስለሚቆሽሽ የመወልወሉ ሥራ የእኔ ሆነ። ጥር ላይ ነው፣ እንዲያው በዚያው ሰሞን «መሪውን ለምን እንዳለ አይተዉትም?» ብዬ ስጠይቅ፣ ጎረቤት እየሰማ «ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን አገባት! ሂጂ አመድሽን ዛቂ!» ብሎኝ አኩርፌ ነበር። መስታወቱን እየወለወልኩ የአያቴን እጅ አየሁት። ኮፈኑ ላይ ያረፈው፣ ጣት የጎደለው እጅ፣ የቀኝ እጁ ነበር። እኔ ደግሞ ያን እጅ አውቀዋለሁ፣ ይዤው አድጌያለሁ፣ ግራ ነው። የሸሚዙን ኪስ አየሁ፣ እሱም በቀኝ ደረቱ። ሮጬ የእናቴን መስታወት አምጥቼ ፎቶውን ፊት ለፊቱ ስይዘው ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ጣቱ ከግራ እጁ ጎደለ፣ ኪሱ በግራ ሆነ፣ መሪዋም በግራ። ፎቶው ሲታተም ተገልብጦ ኖሯል፣ ስምንት ቁጥር ደግሞ ቢገለበጥም ያው ስምንት ነው። መኪናዋን ማንም አልነካካትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሞኙም ወረቀቱም በአንድ ቤት ሲገኙ ያየሁት ግን እኛው ዘንድ ነው።

ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልናገር። ወዲያው ሮጬ ልነግረው ይገባ ነበር፣ ግን ያን ያህል ንቄው ነበር። በሆዴ ያዝኩት። መሪዋን በቀኝ ተክሎ፣ አገር ጠርቶ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ብቅ የሚልበትን ቀን እጠብቃለሁ፣ ያን ቀን ፎቶውንና መስታወቱን ይዤ ወጥቼ፣ «አባባ፣ አያቴ ጣቱ የጎደለው የትኛው እጁ ነበር?» እለዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እሱ ብረት ሲቆርጥ፣ ሲያጣምም፣ ሲበይድ፣ ሲያፈርስ እያየሁ፣ ልፋ እቴ! እያልኩ በውስጤ እስቅ ነበር።

በሁዳዴ ከጽጽቃ የመጣ ገበያተኛ መልእክት ይዞ መጣ። «እናትሽ ዓይኗ ደክሟል፣ እስከ ትንሣኤ ከመጣሽ መልክሽን ታያለች፣ ከቆየሽ ግን በእጇ ትዳስስሻለች ብላለች» አላት። እናቴ ያን ቀን ደጅ ወጥታ ኪሮስ ፊት ቆመች፣ «በአይሱዙው ልሂድ» አለችው። «አንድ ወር ብቻ ታገሺኝ፣ ማርያምን አንድ ወር!» አላት፣ እሷም ተመልሳ ገባች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር መሪዋ በሳምንት ወደ ቦታዋ በተመለሰች፣ እንደዚያም ባይሆን እሱ አፍሮ በአይሱዙው እንድትሄድ በፈቀደላት። የጽጽቃዋ እማማ የት ትሄዳለች ብዬ ዝም አልኩ።

ግንቦት ላይ፣ ማለዳ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ግቢያችን ገቡ። መርዶ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። የጽጽቃዋ እማማ ከሞተች አራት ቀኗ ነበር። እናቴ መሬት ላይ ተንከባላ «ሳልዳሰስ! እናቴ፣ ሳልዳሰስ!» እያለች ስትጮኽ፣ ኪሮስ ብረት መቁረጫውን እንደያዘ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ቀረ። በዚያው ቀን ለቅሶ የሄደችው በአይሱዙ ነው፤ አንሥቶ ጆንያው ላይ ያወጣት እሱ ራሱ ነበር፣ ፍየሎቹም ነበሩ። ለጥየቃ ነውር የሆነው አይሱዙ ለለቅሶ አልነወረም።

በቀጣዩ መስከረም መኪናዋ ከነቀኝ መሪዋ ከግቢ ወጣች። ገበያውን ሁለቴ ዞረች፣ ሰው አጨበጨበ፣ ልጆች ከኋላ ሮጡ። እኔ ፎቶውንና መስታወቱን ማምጣት አልቻልኩም፤ እናቴ በጥቁር ልብስ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ ልትዞር ስትል ሆዷን ድንጋይ መታት፣ በሰው ተገፍታ ገባች፣ ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። በዚያ ሆዷ ጽጽቃ ድረስ ባልደረሰች ነበር፣ የመጀመሪያው ወንዝ ላይ ትቀር ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን እንዳጽናናሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰብ ልጠይቅ ሰቆጣ ገብቼ ነበር። ኪሮስ ሸምግሏል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ማድ ቤቱ ሙሉ ቆርቆሮ ካገኘ ቆይቷል። መኪናዋ አለች። በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ ከከተማው ስንት ነገር ተጭኖ ሲሄድ እሷን ማንም አልነካትም፣ ዘራፊ እንኳ ናቃት። በበዓሉ ማግስት ተሰብስበን ስንጫወት ለምለም፣ ያቺ ያኔ እናቴ ጀርባ ላይ የነበረችው፣ የአያታችንን ፎቶ በስልኳ አንሥታ ስትነካካ ቆየችና፣ በጣቷ አንዴ መታ ስታደርገው ፎቶው ተገለበጠ። «አባባ፣ እስቲ ይዩት!» አለች፣ «አያታችን ጣቱ የጎደለው ግራው ነው አይደል የምትሉት? ይኼ እኮ ተገልብጦ የታተመ ነው!»

ኪሮስ ስልኩን ተቀብሎ አቀረበው፣ አራቀው፣ ቀና ብሎ በበሩ በኩል የምትታየውን መኪና አየ። እኔ ቁጣውን ጠበቅሁ። ሳቀ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ጥርስ የሌለው ድዱ እስኪታይ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ወይ ኪሮስ! ቀኝና ግራውን የማያውቅ ኪሮስ!» እያለ ጉልበቱን መታ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እናቴም በነጠላዋ አፏን ይዛ አብራው ሳቀች። ከዚያ ሳቋ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ፣ ነጠላዋንም ከአፏ ላይ አወረደች።

«ምን ይደረግ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያኔ ማን ይንገረን። ያየ ሰው አልነበረንም»።

ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፣ እሷም ወደ እኔ ዞራ ነበር፣ «ጠላ ልጨምርሽ?» አልኳት። ያኔ፣ በልጅነቴ፣ አፌን የዘጋሁት አባቴን ንቄው ነው፤ ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎኝ፣ ልጆች ወልጄ፣ የዘጋሁት ግን እናቴ እንዳትንቀኝ ፈርቼ ነው። አባቴ እንኳ፣ ያ ዕድሜዬን ሙሉ ስንቀው የኖርኩት ሰው፣ ስሕተቱን ሲነግሩት በሰው ፊት ስቆበታል።