አባባ ያልገዙት ትምህርት

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸማ ተራ ጋቢ ሲሸጡ ኖረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን ሳያዩ አረፉ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስዘግተው ከባንኮኒው ማዶ ያቆሙኝ ነበር። «በይ፣ የዛሬውን ትምህርት ሽጪልኝ!» ይሉኛል። ስለ ደም ዝውውር ሳስረዳቸው፣ ጋቢ እንደሚዳስስ ገዢ ጣቶቻቸውን እያፋተጉ ይሰሙኛል። ሳይገባኝ የሸመደድኩት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ጣቶቻቸው ቀጥ ይላሉ።

«እዚህ ጋ ሳስቷል። አልገዛም።»

«አባባ ደግሞ! ፈተና ላይ እኮ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም» እላለሁ ተናድጄ።

«ለፈተናው ቀን ብቻ ነው እንዴ የምትለብሺው? ከዚያ ወዲያ ብርድ የለም?»

ፈተናው ደርሷል። ትናንት፣ አሁን የአባባን ሱቅ የያዘችው አክስቴ ምሳ ልትበላ ስትወጣ ሱቁን ጠበቅኩላት። ባዶው በርጩማቸው ፊት ቆሜ ስለ ኩላሊት አስረዳሁ። አንድ ያልገባኝን ነገር አድበስብሼ ሳልፍ ያስቆመኝ የለም። የሚከራከር ገዢ በሌለበት መሸጥ እንዲህ እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር። ድንገት እጄን ሳየው፣ ለካ የእኔም ጣቶች ሲፋተጉ ቆይተው እዚያች ቦታ ላይ ቀጥ ብለዋል።

«አልገዛም» አልኩ። እንባዬን ጠርጌ ደብተሬን እንደገና ገለጥኩ።