ለኦቦ ነገራ የጻፍኩት ዕድሜ

ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለቤተ ክርስቲያናችን መጋቢም አልነገርኩም። እናንተ ስሙኝ፤ ብቻ እባካችሁ አታጽናኑኝ። ራሴን ሳጽናና የኖርኩት ይበቃል።

አምቦ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የጤና መኮንን ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጫልቱ የምትባል ሴት አባቷን ኦቦ ነገራን ደግፋ ከደንዲ መጣች። ለጉልበታቸው ሕመም የሚውጡት ክኒን ጨጓራቸውን አድምቶት ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።

ግድግዳችን ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ጨጓራው የደማ ሰው ይተኛ ወይስ ቤቱ ይሂድ የሚለው በነጥብ ይወሰናል፤ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የደም መጠን፣ ዕድሜ። ስልሳ አምስት የሞላው አንድ ነጥብ ይጨመርበታል። ደመርኩ። የኦቦ ነገራ ነገር ዕድሜያቸው ላይ ቆመ፤ ያቺ አንድ ነጥብ ከተጨመረች ይተኛሉ፣ ካልተጨመረች ይሄዳሉ።

ዕድሜያቸውን ጠየቅኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ፣ ኢልማኮ፣ ልጄ? አንተ የተማርከው ገምተህ ጻፈው" አሉኝ እየሳቁ።

ምን መገመት ያስፈልገዋል? ጫልቱ ራሷ የልጅ ልጅ አላት! ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ መሆናቸውን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። እኔም አየሁ። አይቼ ስልሳ አራት ብዬ ጻፍኩ። ለምን? የቀረን አልጋ አንድ ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት "አልጋውን በማይረባ በሽተኛ ሞላኸው" ተብዬ ሰው ፊት ተሰድቤያለሁ። ንዴቴን በእሳቸው ተወጣሁ። ወረቀቱ ምን አጠፋ? የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ክኒኑን እንዲተዉ ነግሬ፣ የጨጓራ መድኃኒት ጽፌ አሰናበትኳቸው። ጫልቱ "ዶክተር፣ ዛሬን ብቻ እዚህ ይደሩልኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" ብላ ለመነችኝ። "ነጥባቸው አያስተኛቸውም" አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው!

በኋላ እንደሰማሁት፣ ሰኞ ጠዋት ኦቦ ነገራ ቤታቸው ደም አስታወኩ። መኪና እስኪገኝ ረፈደ፤ ወደ እኛ ሲያመጧቸው መንገድ ላይ፣ ገና ጊንጪ ሳይደርሱ አረፉ።

ቢተኙ ይድኑ ነበር? አላውቅም። በዚህች "አላውቅም" ስንት ዓመት ተሸሸግኩ! ቢያንስ ደም የሚሰጣቸው ሰው አጠገባቸው ይኖር ነበር። ያንን የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ጫልቱን ገበያ አገኘኋት። ልሸሽ ስል ጠርታ ሰላም አለችኝ። አብራት ለነበረችው ጎረቤቷም "አባቴን ያከመልኝ ዶክተር ነው። እሱማ ምን ያድርግ፣ ዘግይቼ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው" አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ተሸክማ ኖራለች ማለት ነው። እኔስ ምን አልኩ? "እግዜር ያጽናሽ" ብያት አለፍኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የእናንተ ድርሻ አይደለም። ነገ ደንዲ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ እዚህ ላይ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። ትናንትም እንዲሁ ብዬ ነበር።