የእንሰቱ እባብና የጥምቀት ቀሚሴ

በንጉሡ ዘመን ቤታችን ሆሳዕና ከተማ ዳር ነበር፤ ከጓሮው ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ እንሰት ነው። አንድ ጠዋት ለእናቴ ቅጠል ልቆርጥ ገብቼ፣ የቅጠል ዘንግ መስሎኝ ልይዘው የነበረው ነገር ምላሱን አወጣ። እጄን ሰብስቤ ቁጭ አልኩ። እሱም አልሄደም።

ከአውራ ጣቴ ያልወፈረ አረንጓዴ እባብ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እሱን ማየት ልማድ ሆነብኝ። እባብ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ዝምታ ደግሞ ያኔም አይከብደኝም ነበር። የእንሰት ቅጠሎች ከግንዱ ጋር በሚጋጠሙበት ቦታ የዝናብ ውሃ ይጠራቀማል፤ ውሃው ውስጥ ትንንሽ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። እባቡ የሚመጣው ለእነሱ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል፤ ሲሞቀው ወደ አደኑ ይሄዳል። ሲሄድ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ስለሚያወዛውዝ ነፋስ የነካው ቀንበጥ ይመስላል። ዓይኑ ትልቅ ነው፣ አይርገበገብም። አንዴ ቆዳውን አውልቆ ጥሎት ሄዶ አገኘሁ፤ ሳየው የዓይኑ ሽፋን እንኳ ሳይቀር አብሮ ወልቋል።

ቁርሴንም እዚያው እበላ ነበር፤ ቆጮው በእጄ፣ አሬራው በጣሳ። ጣሳውን ከፊቴ መሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ስጨርስ ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ጎረቤታችን ይህን አየች። በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀች ትጉህ ሴት ናት። እሷ ያየችው፣ አንዲት ልጅ በየጠዋቱ እባብ ፊት ቁጢጥ ብላ ነጭ ነገር በጣሳ ስታስቀምጥ፣ ጣሳውም ባዶ ሆኖ ሲመለስ ነው። በአያቶቻችን ጊዜ በአንዳንድ ቤት ለጓሮ እባብ ወተትና ቅቤ ይቀመጥለት ነበር ይባላል። ወላጆቻችን ወንጌልን ሲቀበሉ እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ ትተዋል። ስለዚህ ጎረቤታችን የቀረውን ራሷ ለመሙላት አልተቸገረችም።

የጥምቀት ትምህርቴን ጨርሼ፣ በመጪው እሑድ ከእኩዮቼ ጋር ወንዝ ልወርድ ነበር። እናቴ ከአቡጀዲ ነጭ ቀሚስ ሰፍታ ግድግዳው ላይ ሰቅላልኛለች። ወሬው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋ ደረሰና፣ ነገሩ ሳይጣራ አትጠመቅም ተባለ። እናቴ አልተቆጣችኝም። ቀሚሱን አውርዳ አጠፈችና ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አባቴ ወንበር አወጣላቸው፤ እኔ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ለእባቡ ምን ትሰጪዋለሽ?» አሉኝ በዕድሜ ትልቁ።

«ምንም።»

«ወተቱስ?»

«አሬራ ነው።»

«እሺ፣ አሬራውን ማን ጠጣው?»

«እኔ።»

ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ አሉኝ ሁለተኛው። አያለሁ አልኩ። ምን ያደርግልሻል ሲሉኝ፣ ምንም አያደርግልኝም አልኩ። ይህ መልስ ነገሩን አባሰው። መድኃኒት ወይም ሀብት ፈልጋ ነው ቢባል ይገባቸው ነበር፤ ሰው ያለ አንዳች ጥቅም በየጠዋቱ እባብ ፊት ይቀመጣል የሚለው ግን አልዋጥላቸው አለ። አባቴ ግን፣ ነገ ጠዋት መጥታችሁ ለምን አታዩትም አላቸው።

በማግስቱ መጡ። ትልቁ ሽማግሌ በትር ይዘው ነበር። ከቆማችሁ ይሸሻል፣ ጥላችሁም ካረፈበት አይወጣም አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው እንሰቱ ፊት ለፊት በተርታ ቁጢጥ አሉ፤ እኔም ከዳር ተቀመጥኩ። አባቴ ከኋላ ቆመ። ሰማዩ ደመና ነበር። ዛሬ ባይወጣ፣ ቀሚሱ ሳጥን ውስጥ እንደሚቀር አውቃለሁ።

ቆይቶ ፀሐይዋ ብቅ አለች፣ እባቡም ተከተላት። ቅጠሉ ላይ ተዘረጋ፣ ሞቀው፣ ወደ ውሃው ወረደ። ሲመለስ እንቁራሪት በጭንቅላቷ በኩል ነክሶ ይዟል። ሽማግሌዎቹን በጎን አየሁ። ትልቁ አንገታቸውን ከሁሉም አስረዝመዋል፤ በትሩ ከእጃቸው ወድቋል።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን እሳት ልትጭር መጣች። ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንሰት ሥር ተደርድረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ወደ እባብ ሲያዩ አገኘቻቸው።

«እናንተም ገባችሁበት?» አለች።

ትልቁ ሳይዞሩ እጃቸውን አነሱ። «ዝም በይ፣ እየዋጣት ነው።»

አባቴ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ሁለተኛው ሽማግሌ ግን ምን እንደሚመስሉ ገባቸውና ብድግ አሉ፤ ጥላቸው ሲያርፍበት እባቡ እንቁራሪቷን በአፉ እንደያዘ ወደ ውስጥ ተሸጎጠ። ከዚያ ሦስቱም ዝም ብለው እያዩ እንደነበር ለጎረቤታችን ያስረዷት ጀመር። እሷም ማየቱ ምን ያደርግላችኋል ብላ ጠየቀቻቸው። እኔ ከሰጠሁት የተሻለ መልስ አላገኙም።

ሲወጡ የተረሳውን በትር እስከ በሩ ወሰድኩላቸው። ትልቁ ተቀበሉኝና እሑድ እንዳታረፍጂ አሉኝ። እናቴ ሰምታ ነበር፤ ስመለስ ቀሚሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

እሑድ ወንዙ ወገቤ ድረስ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ አንድ እጄን ይዘዋል። ልጠልቅ ስል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ፤ የሚጸልዩልኝ መሰለኝ።

«ጨረሳት?» አሉኝ።

እግሯ ብቻ ነበር የቀረው ልላቸው አፌን እንደከፈትኩ አጠለቁኝ። እየሳልኩ ስወጣ ዳር ያሉት ሴቶች በመዝሙር ተቀበሉኝ። መልሱን ከመዝሙሩ በኋላ ነገርኳቸው።