ዶሮ የታቀፈችበት የቴሌቪዥን ቀፎ

የመጀመሪያ ቀኔን ያበላሸሁት በጥሩ ሥራ ነው። አሶሳ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬ፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ ጊዜ ሥራ ጠፋና ወይዘሮ አስካለ የከፈቱት የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መፍቻ ቤት ተቀጠርኩ። ጠዋት አንድ የሞተ ሬዲዮ ሰጥተውኝ "ይፈታቱት" አሉኝ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሬዲዮው ዜና ያወራ ነበር።

"ጋሽ ሰይድ፣" አሉኝ ወይዘሮ አስካለ፣ "ይሄ ሬዲዮ እዚህ የመጣው ሊሞት ነው። ምነው ባይከለክሉት?"

እጄ ካቻቪቴ ሲይዝ መጠገን እንጂ ሌላ አይመጣለትም ነበር። ቀስ በቀስ ለመደ። ባትሪውን ለብቻ አውጥቶ ጫፉን በፕላስተር መሸፈን፣ መረጃ እንዳይወጣ ሃርድ ዲስኩን በትራፓኖ መብሳት፣ ሽቦውን ሳያቃጥሉ በፒንሳ መላጥ። ማዕረጌም አደገና የመፍታት ክፍል ኃላፊ ተባልኩ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሸርቆሌ ያለ አንድ የረድኤት ድርጅት መጋዘን ሙሉ አሮጌ ኮምፒውተር እንዳለው ሰማን። ወይዘሮ አስካለ ሄደው ቢጠይቁ "ሰርተፊኬት ለሌለው አንሰጥም" ተባሉ። እነዚያን ኮምፒውተሮች ካላገኘን ቤቱ እንደሚዘጋ ሁለታችንም እናውቃለን። በእኔ ዕድሜ ደግሞ ማን ይቀጥረኛል? ፈራሁ።

እኔ ሰርተፊኬት ሲባል ሥልጠና ጨርሰህ፣ ተጨብጭቦልህ የምትቀበለው ወረቀት ይመስለኝ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ለሰርተፊኬቱ ሲያመለክቱ ቤታችንን ልትመረምር ከአዲስ አበባ የመጣችው ኦዲተር ሜሮን ግን የሚያጨበጭብ ሰው ፊት አልነበራትም። ባትሪዎቹን አየች፣ የተበሱትን ዲስኮች አገላበጠች፣ ጓንቴን ሳይቀር መረመረች። ሁሉም ደህና ነበር። እኔም ኮራ ማለት ጀመርኩ።

"ባዶዎቹ የቴሌቪዥን ቀፎዎችስ?" አለች።

"እነሱማ ለጎረቤት ሰጠናቸው።"

"ጎረቤት ምን ያደርግባቸዋል?"

"እኔ ምን አውቄ? ሰጠን፣ አለቀ።"

"አላለቀም፣ ጋሽ ሰይድ። ፕላስቲኩ ቶሎ እሳት እንዳይዘው የተቀላቀለበት ኬሚካል አለ፤ ምግብ አጠገብ መሆን የለበትም። ሰርተፊኬቱ የሚጠይቀው ዕቃው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ የት እንደደረሰ ነው። ይነሱ፣ ያሳዩኝ።"

ባጃጅ ይዘን ሰፈር ለሰፈር ዞርን። አንዱ ቀፎ ሽንኩርት ተሞልቶ ገበያ ውሏል። ሌላው ጸጉር ቤት ደጃፍ ላይ ወንበር ሆኗል፤ የተቀመጠበትን ሰውዬ አስነስተን ወሰድነው። በእጄ የሰጠሁትን መልሼ ስቀማ ሰው ሁሉ በትዝብት ያየኝ ነበር።

የመጨረሻው የተገኘው እማማ ሀዋ ግቢ ነው። እማማ ሀዋ ከመንጌ መጥተው አሶሳ የከተሙ የበርታ አዛውንት ናቸው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። ቀፎው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። በመስታወቱ ቦታ አንዲት ዶሮ እንደ ዜና አንባቢ ፊት ለፊት ታየናለች።

"እማማ፣ ይህን ቀፎ ዛሬ መውሰድ አለብን" አለች ሜሮን።

"ዶሮ እንቁላል አቅፏል" አሉ እማማ ሀዋ። "ከተነሳ ይበላሻል። ወላሂ፣ አይሆንም።"

"ሌላ ጥሩ ሳጥን እንሰጥዎታለን።"

"ለኔ ትሰጣለህ። ለዶሮስ ማን ይነግራል?"

ሜሮን ዶሮዋን አየች፤ ዶሮዋም አየቻት። ማን ቀድማ ዓይኗን እንደሰበረች አልናገርም። በመጨረሻ ሜሮን "ጉድለት ሲገኝ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል፤ ደንቡ ይፈቅዳል" አለችና ወደ እማማ ሀዋ ዞረች። "መቼ ነው የምትፈለፍለው?"

"አላህ ሲል።"

"እንደዚያ ብዬ መጻፍ አልችልም፣ እማማ።"

ተነጋግረው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ተስማሙ። ዶሮዋን ያማከራት የለም።

ከዚያ በኋላ የመፍታት ክፍል ኃላፊው የዶሮ ጠባቂ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እየሄድኩ ጭልፊት አባርራለሁ። ወይዘሮ አስካለም "እንዴት አደሩ?" ማለቱን ትተው "ዶሮዋ እንዴት አደረች?" ይሉኝ ጀመር። አንድ ቀን ዶሮዋን ቀፎው ውስጥ አጥቼ ግቢውን ሙሉ ፈለግኳት። ለካ ከጓሮ ጥሬ ትለቅማለች።

"እሱም ይርበዋል" አሉኝ እማማ ሀዋ።

ጫጩቶቹ የተፈለፈሉ ዕለት የእንጨት ሳጥን ሠርቼ ሄድኩ። ዶሮዋ ቀፎዬን አልለቅም ብላ እጄን አደማችው። ጫጩቶቹን ወደ ሳጥኑ ሳሻግር ግን እየተሳደበች ተከተለቻቸው። ቀፎውን ከሌሎቹ ጋር እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ በአግባቡ ለማስወገድ ፈቃድ ላለው ፋብሪካ ላክንና ማስረጃውን ለሜሮን ሰደድን።

ወዲያው ደወለች። "ቀፎው የት እንደደረሰ አይቻለሁ። ጫጩቶቹስ?"

"ይሄም ለሰርተፊኬቱ ያስፈልጋል?"

"አያስፈልግም። እንዲሁ ነው የጠየቅኩት።"

ሰርተፊኬቱ መጣ፤ የሸርቆሌው መኪናም ተከትሎ መጣ። ኮምፒውተሮቹ ሲራገፉ ከደስታዬ ብዛት እኔም ተሸካሚ ሆኜ ዋልኩ። ወገቤ እስካሁን ያመኛል።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ሰርተፊኬት የሚሰጣችሁ ዕቃ መፍታት ስለምትችሉ ብቻ አይደለም፤ የፈታችሁት ዕቃ በመጨረሻ የት እንዳረፈ ማሳየት ስትችሉ ነው። ስለዚህ ባዶ ቀፎ ለማንም አትስጡ። ባለቤቴ ባለፈው ሰሞን ለድንች ማስቀመጫ አንድ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት።