የስ በይ ሲሉኝ ኖ ያልኩበት አፕዴት

ዛሬ ጠዋት ቡራዩ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ፕሪንተሮቹን የሚያዘውን የሊኑክስ ሰርቨራችንን አፕዴት ሳደርግ ጥቁሩ ስክሪን ቆም አለና ጠየቀኝ፦ አንቺ ያስተካከልሽውን ፋይል በአዲሱ ልተካው?

አዲሳባ ያለው የአይቲ ባለሙያችን በስልክ «የስ በይና እለፊው፤ አዲሱ ሁሌም ይሻላል» አለኝ።

ለማን ነው የሚሻለው? መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሮቹ ራሳቸው እንዲገናኙ ብዬ ያስተካከልኩት ፋይል ነው። አዲሱን የጻፈው ሰውዬ የቡራዩን መብራት የት ያውቀዋል?

ኖ አልኩ።

«ቢበላሽ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ከሰዓት መብራቱ እንደ አመሉ ሄደ። ሲመለስ ፕሪንተሮቹ እየተንጫጩ ከቆሙበት ማተም ቀጠሉ። ባለቤቱ ኦቦ ቶለሳ ገርሟቸው «ማነው ያስተካከላቸው?» አሉ።

«ማንም አልነካቸውም» አልኳቸው።

እናንተስ፣ ዝም ብላችሁ የስ በሉ ስትባሉ አሻፈረኝ ያላችሁት መቼ ነው?